በህዋስ ውስጥ ሳይክሊክ ጂኤምፒን መለካትና አምራቹን ኢንዛይም ከአፍራሹ መለየት

ሳይክሊክ ጂኤምፒ በህዋስ ውስጥ መልእክት የሚያደርስ ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ በኢላይዛ (በፀረ እንግዳ አካል የሚለካ ዘዴ) ፕሌት ላይ የምታነቡት መጠኑ የሁለት ሥራዎች ልዩነት ነው። ጓኒሊል ሳይክሌዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች ከጂቲፒ ይሠሩታል፤ ፎስፎዳይኤስተሬዝ፣ በአጭሩ ፒዲኢ፣ የሚባሉት ደግሞ ወደ ተራ ጂኤምፒ ይሰብሩታል። መጠኑ ዝቅ ብሎ ቢገኝ አምራቹ ደክሞ ይሁን አፍራሹ በርትቶ ከአንድ ቁጥር ብቻ አይታወቅም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁለቱን የሚለየው እያንዳንዱን ናሙና የፒዲኢ ማገጃ ካለበትና ከሌለበት ጓደኛው ጋር በማስኬድ ነው። ምሳሌው የአይጥ አኦርታ ለስላሳ ጡንቻ ህዋስ ነው፤ ለሌላ ህዋስ ሲሆን መጠኖቹ እንጂ አካሄዱ አይለወጥም።

መጀመሪያ ኢንዛይሞቹን በአጭሩ

በህዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ሳይክሌዝ (ከዚህ በኋላ ፈሳሹ ሳይክሌዝ) አልፋና ቤታ በሚባሉ ሁለት ክፍሎች የተሠራ ሲሆን ቤታው ሂም የሚባል ብረት ያዘለ ቀለበት ተሸክሟል። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚያርፈው በዚህ ሂም ብረት ላይ ነው፤ ሲያርፍ የኢንዛይሙ ሥራ በመቶ እጥፍ ደረጃ ይጨምራል። ብረቱ ከሁለት ፖዘቲቭ ወደ ሦስት ፖዘቲቭ ኦክሲዳይዝ ከሆነ ግን ኢንዛይሙ እያለ ለናይትሪክ ኦክሳይድ አይመልስም። ይህ ነጥብ መጨረሻ ላይ ውጤት ስንተረጉም ይመለሳል።

በህዋስ ሽፋን ላይ ያሉት ሳይክሌዞች ተቀባይም ኢንዛይምም ናቸው። ኤ የተባለው ለኤኤንፒና ለቢኤንፒ፣ ቢ የተባለው ለሲኤንፒ ይመልሳል፤ ሦስቱም የፔፕታይድ ሆርሞኖች ናቸው። ሲ የሚባለው አንጀት ላይ ይገኛል፤ ሥራው ለጓኒሊንና ለዩሮጓኒሊን መመለስ ቢሆንም የኢ ኮላይ ሙቀት የማይበግረው መርዝም ያንኑ ቁልፍ ይጫናል፤ ውሃ የመሰለው ተቅማጥ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከአፍራሾቹ ውስጥ ፒዲኢ 5፣ 6 እና 9 የሳይክሊክ ጂኤምፒ ብቻ ናቸው። 4፣ 7 እና 8 የሳይክሊክ ኤኤምፒ (የሳይክሊክ ጂኤምፒ ወንድም መልእክተኛ) ናቸው። 1፣ 2፣ 3፣ 10 እና 11 ሁለቱንም ይነካሉ። ልብ ማለት የሚገባው ፒዲኢ 2ን ሳይክሊክ ጂኤምፒ ራሱ እንደሚያነቃውና ፒዲኢ 3ን እንደሚያግደው ነው፤ ስለዚህ ሳይክሊክ ጂኤምፒ ሲጨምር ሳይክሊክ ኤኤምፒ በአንዱ ህዋስ ሊወርድ፣ በሌላው ሊወጣ ይችላል።

ህዋሱ

ከአኦርታ የወጣ ለስላሳ ጡንቻ በካልቸር (በቤተ ሙከራ ማሳደጊያ) ውስጥ ወደ አዲስ ፕሌት በተዘዋወረ ቁጥር ፈሳሹ ሳይክሌዝም፣ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚያነቃው ፕሮቲን ካይኔዝ ጂም እየቀነሱ ይሄዳሉ። ከአራተኛው ዙር በላይ አትሂዱ፤ የዙሩንም ቁጥር በእያንዳንዱ ውጤት ላይ ጻፉ። በዚሁ ዝውውር ኤ ተቀባዩ እየቀነሰ ቢው ስለሚበዛ በወጣቱ ህዋስ ኤኤንፒ የሰጠው ምላሽ በኋላ ቢጠፋ አትደንግጡ፤ ሲኤንፒ ሞክሩ። ቋሚ የህዋስ መስመር ለሚፈልግ አርኤፍኤል-6 የሚባለው የአይጥ ጽንስ ሳንባ ፋይብሮብላስት ለናይትሪክ ኦክሳይድ ጠንካራ ምላሽ ስላለው ጥሩ የመጀመሪያ መለማመጃ ነው። ኤችኢኬ-293 የተባለው የሰው ኩላሊት ህዋስ መስመር ግን ፈሳሹ ሳይክሌዝ በጣም ስለሚያንሰው ጂኑን ሳያስገቡ አይሆንም።

ባለ 6 ጉድጓድ ፕሌት ላይ በአንድ ጉድጓድ 200,000 ህዋስ ዝሩ፤ ከሁለት ቀን በኋላ 90 በመቶ ገደማ ሲሸፍን ሴረሙን ወደ 0.5 በመቶ አውርዳችሁ አሳድሩት። ሙሉ ሴረም ያለበት ህዋስ ላይ የሚታየው መነሻ መጠን ከቀን ቀን ይዋዥቃል።

መፍትሄዎቹ

ባፈሩ ካልሲየምና ማግኒዢየም ያለው የሃንክስ የጨው መፍትሄ ከ20 ሚሊሞላር ሄፔስ ጋር ነው፤ ፒኤች 7.4፣ ሴረም የሌለው። ሴረም ውስጥ ሊኖር የሚችል የሂሞግሎቢን ቅሪት ናይትሪክ ኦክሳይድን ህዋሱ ጋ ሳይደርስ ይበላዋል።

አይቢኤምኤክስ፦ የካፌይን ዘመድ የሆነ፣ ብዙዎቹን ፒዲኢዎች በጅምላ የሚያግድ ነው። 22.2 ሚሊግራም በ200 ማይክሮሊትር ዲኤምኤስኦ (ማሟሚያ ፈሳሽ) 500 ሚሊሞላር ስቶክ ይሰጣል፤ በ1 ሚሊሊትር ባፈር 1 ማይክሮሊትር ሲገባ 0.5 ሚሊሞላር ይሆናል። ቀዝቃዛ ባፈር ውስጥ ከጣላችሁት ነጭ ክሪስታል ሆኖ ይወርዳል። ባፈሩ 37 ዲግሪ ሆኖ እየተሽከረከረ ጨምሩት፤ ከዚያም አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ እዩ። መርፌ የመሰለ ነገር ካለ ያ ባፈር ይደፋ። ፒዲኢ 8ንና 9ን እንደማያግድም እወቁ። ፒዲኢ 9 ለሳይክሊክ ጂኤምፒ እጅግ የተሳለ ስለሆነ የነርቭ ህዋስ ላይ የምትሠሩ ከሆነ የራሱን ማገጃ፣ ቤይ 73-6691ን፣ መጨመር ይገባል።

ኦዲኪው፦ 1.87 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር ዲኤምኤስኦ፣ 10 ሚሊሞላር። የሂሙን ብረት ኦክሲዳይዝ አድርጎ ፈሳሹን ሳይክሌዝ ለናይትሪክ ኦክሳይድ ያደነቁረዋል። የመጨረሻ መጠን 10 ማይክሮሞላር።

ሲልዴናፊል ሲትሬት፦ 6.67 ሚሊግራም በሚሊሊትር ዲኤምኤስኦ 10 ሚሊሞላር ነው፤ በዲኤምኤስኦ አሥር እጥፍ ቀጥናችሁ በ1 ሚሊሊትር ባፈር 1 ማይክሮሊትር ስታስገቡ 1 ማይክሮሞላር ይሆናል። ፒዲኢ 5ን በጥቂት ናኖሞላር ስለሚያግድ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ከዚህ ከበዛ ግን የተመረጠ መሆኑ ይቀራል።

ኤኤንፒ፦ የአይጡ ሆርሞን 0.5 ሚሊግራም በ1.63 ሚሊሊትር፣ 0.1 በመቶ የበሬ አልቡሚን ባለበት ውሃ ይሟሟ፤ 100 ማይክሮሞላር ይሆናል። አልቡሚን ከሌለ ፔፕታይዱ ፕላስቲኩ ላይ ይጣበቅና ቱቦው ውስጥ የሚቀረው ውሃ ብቻ ይሆናል። በትንሽ በትንሹ ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙ፤ አንዴ የቀለጠ ተመልሶ አይቀዝቅዝ።

የናይትሪክ ኦክሳይድ ምንጩ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ያልተሳካ ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ነው። እኛ የምንመክረው ዲኢኤ-ኖኖኤትን ነው። በ37 ዲግሪና በፒኤች 7.4 ግማሽ ዕድሜው 2 ደቂቃ ገደማ ሲሆን አንድ ሞል ወደ 1.5 ሞል ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቃል። ሶዲየም ናይትሮፕሩሳይድ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሚለቀው መጠን በብርሃንና በህዋሱ ኬሚስትሪ ላይ ተንጠልጥሎ ይለዋወጣል፤ ሳያናይድም ይተዋል። ለቁጥር ሥራ አይመረጥም።

ዲኢኤ-ኖኖኤት ቤዝ ውስጥ ይቀመጣል፣ ገለልተኛ ፒኤች ሲያገኝ ይፈርሳል። 2.06 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር በረዶ ላይ ባለ 10 ሚሊሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲሟሟ 10 ሚሊሞላር ይሆናል። ከዚህ 10 ማይክሮሊትር በ990 ማይክሮሊትር በዚያው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቀጥኑ። ይህ 100 ማይክሮሞላር የሥራ መፍትሄያችሁም መፈተሻችሁም ነው፦ በኳርትዝ ኩቬት በ250 ናኖሜትር ሲነበብ 0.65 አካባቢ መስጠት አለበት። 0.3 ካነበበ ግማሹ አልቋል ማለት ነው፤ አዲስ አዘጋጁ። ተራ የፕላስቲክ ኩቬት በዚህ ሞገድ ርዝመት ብርሃኑን ራሱ ስለሚውጥ አይሆንም። ዱቄቱ እርጥበት አይወድም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቤተ ሙከራ ፍሪዘሩ ቀልጦ ተመልሶ ከቀዘቀዘ ጠርሙሱን ከመጠቀማችሁ በፊት ይህን ንባብ አትዝለሉ።

ከሥራ መፍትሄው ጥቂቱን ወደ ባፈሩ ጨምራችሁ 37 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት ተዉት። ናይትሪክ ኦክሳይዱ ወጥቶ ያለቀ፣ ናይትራይትና ዳይኤታይልአሚን ብቻ የቀረበት ይሆናል። ይህ "ያለቀ ምንጭ" ከባዶ ባፈር የተሻለ ኮንትሮል ነው።

የማቆሚያው አሲድ 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው፦ 37 በመቶ ከሆነው ወፍራም አሲድ 0.83 ሚሊሊትር ወደ 90 ሚሊሊትር ውሃ ጨምሩና 100 ሙሉት። አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይፈስም።

አቀማመጥ

ስምንት ሁኔታዎች በሦስት ሦስት ጉድጓድ፣ በድምሩ 24 ጉድጓድ፣ አራት ፕሌት። ያልተነካ ህዋስ ከአለቀ ምንጭ ጋር፤ ያው ከአይቢኤምኤክስ ጋር፤ ምንጩ ብቻ፤ ምንጩ ከአይቢኤምኤክስ ጋር፤ ምንጩ ከሲልዴናፊል ጋር፤ ምንጩ ከአይቢኤምኤክስና ከኦዲኪው ጋር፤ ኤኤንፒ ብቻ፤ ኤኤንፒ ከአይቢኤምኤክስ ጋር። የአንድ ሁኔታ ሦስት ጉድጓዶች በሦስት የተለያዩ ፕሌቶች ላይ ይበተኑ፤ አንድ ፕሌት ላይ ከተደረደሩ የፕሌቱ ስህተት የመድኃኒቱ ውጤት መስሎ ይታያል። ዲኤምኤስኦ በሁሉም ጉድጓድ 0.2 በመቶ ይሁን፣ መድኃኒት በሌለበትም ጭምር።

ማነቃቃትና ማቆም

ህዋሱን አንዴ በሞቀ ባፈር እጠቡና 990 ማይክሮሊትር ማገጃ ያለበት ወይም የሌለበት ባፈር ስጡት። አይቢኤምኤክስና ሲልዴናፊል 15 ደቂቃ፣ ኦዲኪው 20 ደቂቃ ቀድመው ይግቡ። ከዚያ ከምንጩ የሥራ መፍትሄ 10 ማይክሮሊትር ጣሉ፤ የመጨረሻው መጠን 1 ማይክሮሞላር ይሆናል። ፕሌቱን ወዲያው በእጅ ዙሪያውን አወዛውዙ፤ አለዚያ ናይትሪክ ኦክሳይዱ ያረፈበት ጥግ ብቻ ነው የሚመልሰው። ኤኤንፒ ወደ 10 ማይክሮሞላር ከቀጠነው መፍትሄ 10 ማይክሮሊትር ይገባል፣ ለ10 ደቂቃ።

ምንጩ 2 ደቂቃ ይበቃዋል። ባለ 6 ጉድጓዱን በ20 ሴኮንድ ልዩነት ጀምሩ፦ የመጀመሪያው በ0፣ ስድስተኛው በ100ኛው ሴኮንድ። በ120ኛው የመጀመሪያውን ታቆማላችሁ፣ በዚያው ቅደም ተከተል እስከ 220ኛው። ኤኤንፒ ያለባቸው ጉድጓዶች ከዚህ 8 ደቂቃ ቀድመው፣ በራሳቸው ተራ ይጀመራሉ። ሁለት ሰው ቢሆን ይሻላል፤ አንዱ ሰዓት ይጠራል፣ ሌላው ፒፔቱን ይይዛል።

ማቆም ማለት ባፈሩን በቫኪዩም መምጠጥና በዚያው ቅጽበት 300 ማይክሮሊትር አሲድ መጨመር ነው። በፎስፌት ባፈር "ለንጽሕና" ማጠብ፣ በትሪፕሲን ማንሳት፣ በረዶ ላይ አስቀምጦ ተራ መጠበቅ፣ ሁሉም ፒዲኢው ያለ ከልካይ እንዲሠራ ጊዜ መስጠት ነው። ማገጃ የሌለባቸው ጉድጓዶች ላይ ግማሽ ደቂቃ መዘግየት ሙሉውን ምልክት ሊያጠፋ ይችላል። አሲዱ ግን ህዋሱን ይበሳል፣ ኢንዛይሞቹን ሁሉ ይገድላል፤ ሳይክሊክ ጂኤምፒ ደግሞ ባልሞቀ አሲድ አይጎዳም። 15 ደቂቃ በክፍል ሙቀት ተዉት፣ በጎማ ፋቁ፣ ወደ ቱቦ ገልብጡና በ1,000 ጂ ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክሩ። ላይ ያለው ፈሳሽ ናሙናው ነው፤ ዛሬ የማይለካ ከሆነ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይግባ። ታች ያለውን ዝቃጭ አትጣሉ፣ ፕሮቲኑ እዚያ ነው።

ማነቃቂያው ከ15 ደቂቃ በላይ የሚቆይ ከሆነ የተመጠጠውንም ባፈር አስቀሩ። ህዋሶች ኤምአርፒ 4 እና 5 በሚባሉ ፓምፖች ሳይክሊክ ጂኤምፒን ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ውስጥ የቀነሰው ፈርሶ ሳይሆን ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ኢላይዛው

የሚሸጡት ኪቶች አብዛኞቹ በፉክክር የሚሠሩ ናቸው፤ የናሙናው ሳይክሊክ ጂኤምፒ ኢንዛይም ከተለጠፈበት ሳይክሊክ ጂኤምፒ ጋር ለአንድ ፀረ እንግዳ አካል ይሻማል። ስለዚህ ቀለሙ ደማቅ ከሆነ ናሙናው ትንሽ ነው። ይህን ገልብጦ ያነበበ ሰው ሁሉም ውጤቱ ተገልብጦ ይወጣለታል።

ያልተነቃ ህዋስ መጠን በተለመደው አሠራር ከመነበቢያው በታች ስለሚወድቅ አሴታይሌት አድርጉ፤ ማለትም ፀረ እንግዳው አካል አብልጦ እንዲይዘው አሴታይል ቡድን ለጥፉበት። ጭስ መሳቢያ ስር አንድ እጅ አሴቲክ አንሃይድራይድ ከሁለት እጅ ትራይኤታይልአሚን ጋር ቀላቅሉ፤ ለ200 ማይክሮሊትር ናሙና ከዚህ 10 ማይክሮሊትር፣ እንደገባ ወዲያውኑ ቮርቴክስ። ስታንዳርዶቹ በዚያው 0.1 ሞላር አሲድ ተዘጋጅተው በተመሳሳይ ሁኔታ አሴታይሌት ይደረጉ። ናሙናው አሴታይሌት ሆኖ ስታንዳርዱ ካልሆነ ፀረ እንግዳው አካል አንዱን ከሌላው አብልጦ ስለሚይዝ ቁጥሩ እጅግ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ቆንጆ መስሎ የሚያሳስት ስህተት ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፕሌቱ ላይ ይድረሱ። አሴቲክ አንሃይድራይዱ ተከፍቶ የከረመ ከሆነ የአየር እርጥበት ወደ ኮምጣጤ አሲድ ለውጦታል፤ ኩርባው ጠፍጣፋ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

ከዚያ በኋላ የኪቱን መመሪያ ወረቀት ተከተሉ። ኩርባውን ባለ አራት ፓራሜትር ቀመር ሳሉ፤ ከከፍተኛው ማያያዝ ከ20 እስከ 80 በመቶ መካከል የወደቀውን ብቻ እመኑ። አይቢኤምኤክስና ምንጩ የተገናኙበት ናሙና በርግጠኝነት ከዚህ ስለሚያልፍ አስቀድማችሁ 1 ለ10 እና 1 ለ50 በአሲዱ ቀጥኑት። ሁለቱ ቅጥነቶች በቅጥነቱ ሲባዙ አንድ መልስ ካልሰጡ ናሙናው ውስጥ የሚያውክ ነገር አለ።

ዝቃጩን በ300 ማይክሮሊትር 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና 1 በመቶ ኤስዲኤስ (ሳሙና መሰል ማሟሚያ) አሟሙታችሁ በቢሲኤ (በቀለም ፕሮቲን የሚለካ ዘዴ) ፕሮቲኑን ለኩ፤ የቢሲኤው ስታንዳርድም በዚያው መፍትሄ ይሁን። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ንባቡ ቅጥነቱ ከተባዛ በኋላ በሚሊሊትር 12 ፒኮሞል ከሆነ፣ በ0.3 ሚሊሊትር 3.6 ፒኮሞል፣ ፕሮቲኑ 0.15 ሚሊግራም ከሆነ በሚሊግራም 24 ፒኮሞል።

ቫስፕ፦ መልእክቱ ደርሶ እንደሆነ

ሳይክሊክ ጂኤምፒ መጨመሩ ፕሮቲን ካይኔዝ ጂ መሥራቱን አያረጋግጥም። ለዚህ የሚታየው ቫስፕ የተባለው ፕሮቲን ሴሪን 239 ላይ ፎስፌት መያዙ ነው። የተለየ ፕሌት ላይ፣ 5 ደቂቃ ካነቃቃችሁ በኋላ፣ ባፈሩን መጥጣችሁ 150 ማይክሮሊትር ትኩስ የሌምሊ ባፈር (ፕሮቲንን ለጄል የሚያዘጋጅ) ጨምሩ፤ በ95 ዲግሪ 5 ደቂቃ አሙቁና በ10 በመቶ ጄል ላይ አስኪዱት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የፈላ ውሃ ሳይሆን ደረቅ የማሞቂያ ብሎክ ተጠቀሙ፤ ውሃ ብቻ ካለ ወደ 10 ደቂቃ አርዝሙት።

እዚህ አይቢኤምኤክስ አይገባም። ሳይክሊክ ኤኤምፒንም ስለሚያስጨምር ፕሮቲን ካይኔዝ ኤ ይነቃል፤ እሱ ሴሪን 157ን ይመርጣል እንጂ ሲበረታ 239ንም ይነካል፣ ያን ጊዜ የየትኛው ካይኔዝ ሥራ እንደሆነ አይለይም። በምትኩ ሲልዴናፊል ተጠቀሙ። ሴሪን 157 ፎስፌት ሲይዝ ቫስፕ ከ46 ወደ 50 ኪሎዳልተን ከፍ ብሎ ስለሚሮጥ ጠቅላላ ቫስፕን የሚያይ ፀረ እንግዳ አካል ብቻውን ሁለት መስመር ያሳያል፤ ይህን እንደ ነፃ ማስጠንቀቂያ ቁጠሩት። ለማረጋገጫ አንድ ጉድጓድ 500 ማይክሮሞላር 8-ብሮሞ-ሳይክሊክ ጂኤምፒ ለ30 ደቂቃ ይሰጠው፤ ሳይክሌዙን ዘሎ በቀጥታ ካይኔዙን ያነቃል። ያንን ጉድጓድ ወደ ኢላይዛ አትውሰዱ፤ ፀረ እንግዳው አካል መድኃኒቱን ራሱን ሊያነብ ይችላል።

ውጤቱን ማንበብ

ምንጩ ብቻ ትንሽ፣ ከአይቢኤምኤክስ ጋር ብዙ ከሰጠ አምራቹ ደህና ነው፣ አፍራሹ ነው የበረታው። የሲልዴናፊሉ ጉድጓድ ወደ አይቢኤምኤክሱ ከተጠጋ አፍራሹ በዋናነት ፒዲኢ 5 ነው። በመካከል ከቀረ ፒዲኢ 1 ወይም 2 ይፈለጉ።

ሁለቱም ዝቅ ካሉ የሳይክሌዙ ጉዳይ ነው። ምንጩ በ250 ናኖሜትር ደህና ካነበበና ኤኤንፒ ከአይቢኤምኤክስ ጋር ጥሩ ምላሽ ከሰጠ ህዋሱም ጂቲፒውም አሲዱም ኢላይዛውም ደህና ናቸው፤ የጎደለው ፈሳሹ ሳይክሌዝ ወይም የሂሙ ብረት ነው። ሁለቱን ለመለየት ሪዮሲጓትና ሲናሲጓት የተባሉት ፈሳሹን ሳይክሌዝ የሚያነቁ መድኃኒቶች ይጠቅማሉ። ሪዮሲጓት የሚሠራው ሂሙ ደህና በሆነበት ኢንዛይም ላይ ነው፣ ከናይትሪክ ኦክሳይድም ጋር ይተጋገዛል። ሲናሲጓት ሂሙ ኦክሲዳይዝ የሆነበትን ወይም የወደቀበትን ነው የሚያነቃው፤ ኦዲኪው ሲጨመርበት ምላሹ ይበረታል እንጂ አይቀንስም። ሪዮሲጓት ዝም ብሎ ሲናሲጓት ከሠራ ኢንዛይሙ አለ፣ ብረቱ ነው የተበላሸው። ሁለቱም ዝም ካሉ ኢንዛይሙ ራሱ የለም፤ የዙሩን ቁጥር ተመልከቱ።

ኦዲኪው ምንጩን ካልከለከለ ወይ ቀድሞ የገባበት ጊዜ አጥሯል፣ ወይ ምንጩ በዝቷል። 20 ደቂቃውን ጠብቁና ምንጩን ወደ 0.3 ማይክሮሞላር አውርዱ።

ያልተነቃው ጉድጓድ ከፍ ብሎ ኦዲኪው ካወረደው ካልቸሩ ውስጥ ራሱ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራ አለ ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከለስላሳ ጡንቻው ጋር ተቀላቅለው የገቡ የደም ሥር ሽፋን ህዋሶች ናቸው። 100 ማይክሮሞላር ኤል-ኔም (ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራውን ኢንዛይም የሚያግድ) ከግማሽ ሰዓት በፊት ሲገባ ይወርዳል።

ሳይክሊክ ጂኤምፒው ከፍ ብሎ ቫስፕ ላይ ምንም ካልታየ የ8-ብሮሞውን መስመር ተመልከቱ። እሱ ካሳየ ካይኔዙ አለ፤ ወይ 5 ደቂቃው ለዚያ ህዋስ አይበቃም፣ ወይ ከማቆሙ በፊት ፎስፋታዞች የሚባሉ ኢንዛይሞች ፎስፌቱን አራግፈውታል፤ በ1፣ 3፣ 5 እና 10 ደቂቃ ሞክሩ። 8-ብሮሞውም ካላሳየ በዚያ ዙር ላይ ፕሮቲን ካይኔዝ ጂ ጠፍቷል፤ ጠቅላላ ካይኔዙን በዌስተርን ብሎት አይታችሁ ወደ ቀደመው ዙር የተቀመጠ የህዋስ ቱቦ ተመለሱ።